በሃምሳ ሁለተኛው ደቂቃ የሚጠራው ስልክ

ሰኞ 4

ይህን ደብተር የሰጠኝ ሥራ አስኪያጁ ነው። ተመልካች በስንተኛው ደቂቃ ተነሥቶ እንደወጣ፣ ማን እንዳንኮራፋ፣ ማን ዓይኑን እየጠረገ እንደወጣ መዝግቢ ብሎኝ። የፊተኞቹ ገጾች የእሱ ናቸው። እኔ ከኋላ ጀምሬያለሁ። ገልብጦ ካላየ በቀር አያገኘኝም፤ እሱ ደግሞ ከእጅ ሰዓቱ ሌላ ነገር አያይም። ሠራተኛው ሁሉ አቶ ደቂቃ የሚለው ወዶ አይደለም።

ዛሬ የጋሼ ፊልም ተጀመረ። ታላቅ ወንድሜ ሦስት ዓመት ለፍቶበታል። ስንት ሲኒማ ቤት ባለበት ከተማ እኔ ትኬት የምቆርጥበት ውስጥ መታየቱ ዕድል ይሁን ቅጣት እንጃ። አራት ሳምንት እዚህ ይሞከራል፣ ከዚያ ወደ ሌሎቹ አዳራሾች ይላካል። ችግሩ ርዝመቱ ነው፣ ሁለት ሰዓት ከሰባት ደቂቃ። አቶ ደቂቃ "ሁለት ሰዓት ድፍን ካልሆነ ከዚህ በር አይወጣም" ብሏል። ጋሼም ጀግና ነኝ ብሎ ቃሉን ሰጠ፦ "ተመልካቹ ረዘመ ያለውን እቆርጣለሁ።"

ስለዚህ ካርድ ታተመ። ሰው ሲወጣ ሞልቶ በሩ አጠገብ ያለው ሳጥን ውስጥ ይከታል። እኔ አወጣለሁ፣ አነባለሁ፣ በኮምፒውተር እጽፋለሁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አስረክባለሁ። ጥያቄው ሦስት ነው። ፊልሙን ወደዱት? ከሰዎቹ ማንን አልረሱም? የትኛው ክፍል ረዘመብዎት?

ፊልሙ ስለ አንድ ቤተሰብ ነው። ትንሹ ልጅ ይሞታል፣ የቀሩት ሦስቱ ቤት ውስጥ ይቀመጣሉ። በቃ። እናትየዋ አራት ሰሃን ታወጣለች፣ አንዱን መልሳ ታስገባለች፤ እሱ ብቻ ሁለት ደቂቃ ይፈጃል። የኛን ቤት የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ታናሻችን ከሞተ አምስት ዓመቱ ነው። ጩጬ ነበር የምንለው፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሞልቶትም ጩጬ።

እህትየዋ ግን እኔ አይደለሁም። ፊልም ነው።

ማክሰኞ 5

የትኬት ክፍሌን ከአዳራሹ የሚለያት አንድ ስስ ግድግዳ ነው። ፊልሙን ሳላይ እሰማዋለሁ። ለሚያረፍድ ሰው ብለን ፊልሙ ከተጀመረ በኋላም ለአንድ ሰዓት ያህል እንሸጣለን፤ እስከዚያ አቶ ደቂቃ ከውጭ ይቆልፍብኛል። ለጥንቃቄ ነው ይላል። እጅ የሚያሾልክ ቀዳዳ ያለው መስታወት፣ አንድ በርጩማ፣ አንድ መሳቢያ፣ እኔ።

በሃምሳ ሁለተኛው ደቂቃ ስልክ ይጠራል። እህትየዋ ሸሚዝ ስትተኩስ ይጠራል፣ ታየዋለች፣ አታነሳም፣ መተኮሷን ትቀጥላለች። ሰባት ደቂቃ እንዳለ ይኸው ነው፦ ካውያ፣ ሸሚዝ፣ ስልክ። አሥራ አራት ጊዜ ይጠራል። በቀን ሦስት ጊዜ ስለምናሳየው አርባ ሁለት ጥሪ ማለት ነው። አሥራ አራት ምን ይሠራል? አሥር ቢሆን ምን ይጎድል ነበር?

ሁለት ተማሪዎች ሲወጡ መስታወቴ ፊት ቆመው ጃኬታቸውን ለበሱ።

"ያቺ እህትየዋ ድንጋይ ናት በናትህ።"

"ኧረ ባክህ፣ አንተ የእናትህን ስልክ መቼ ታነሳለህ?"

ተሳሳቁና ሄዱ። እኔ ትኬት እቆጥር ነበር፣ ተሳሳትኩ፣ እንደገና ቆጠርኩ።

ረቡዕ 6

በጣም ተቻኩያለሁ። ዛሬ አርባ ካርድ። አንዱ ፊደሉ የማይነበብ ስለሆነ አልመዘገብኩትም። "እህትየዋ ልብ የሌላት ፍጡር ናት፣ እንደሷ ያለች እህት ከምትኖረኝ" ይላል። መሳቢያ ውስጥ ከትቼዋለሁ።

ዓርብ 8

ጋሼ መጣ። አዳራሽ አልገባም፤ ሰው ፊልሙን ሲያይ ማየት ሆዱን እንደሚያመው ከድሮም አውቃለሁ። መስታወቱን በጣቱ መታ መታ አደረገ።

"ምን ይላሉ?"

"ይወዱታል። እናትየዋን በጣም ይወዷታል። አንዲት ሴትዮ 'የእናትየዋ እጅ የእናቴ እጅ ነው' ብላ ጻፈች።"

ፊቱ ፈካ። "ስለ ካውያውስ?"

"ረዘመ ይላሉ።"

"ይበሉ። ስለ እህትየዋስ?"

"ጋሼ፣ ሥራ ላይ ነኝ፣ ሰው ከኋላህ ቆሟል።"

ዞር ብሎ አየ። ከኋላው ማንም አልነበረም። ኮሌታውን አስተካክሎ ወጣ። ክፉ ሰው ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። ክፉ አይደለም እኮ ነው ችግሩ።

ቅዳሜ 9

የመጀመሪያውን ሳምንት አስረከብኩ። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ካርድ። መሳቢያ ውስጥ ያሉትን አልቆጠርኩም፣ እነሱ የማይነበቡ ናቸው።

አሁን ሥራው ቀሎልኛል። ካርዱን እስከ መጨረሻው ማንበብ አያስፈልገኝም። "እህት" የሚል ቃል ካየሁ ቀጥታ መሳቢያ። "የካውያው ረዘመ" ብቻ ካለ ይመዘገባል። እውነት ነው፣ ረዝሟል፣ ምን ልዋሽ።

እሑድ 10

እረፍት። ዝናቡ ቀኑን ሙሉ አላባራም፣ ከእማዬ ጋር ቤት ዋልን። ሁለታችን ነን እንግዲህ፤ አባታችን ከድሮም የለም፣ ጋሼ የራሱ ቤት አለው። እማዬ የአልጋ ልብስ ጠርዝ ትጠቅማለች።

"መቼ ነው ፊልሙን የምታሳዪኝ?"

"አዳራሹ ይበርዳል እማዬ። ጉልበትሽስ?"

"ጉልበቴ ይቀመጣል እንጂ ይሮጣል እንዴ?"

"ጋሼ ቤት በቴሌቪዥን ያሳይሽ።"

"እምቢ። ከአንቺ ጋር ነው የማየው። ጎን ለጎን፣ ጨለማ ውስጥ።" መርፌዋን ቀና አድርጋ አየችው። "አብረን ነው የምናየው ብያለሁ፣ አብረን ነው።"

ምን እንደነካት አላውቅም። የፊልም ፍቅር ኖሯት አያውቅም፣ ተከታታይ ድራማ እንኳ ግማሹ ላይ ታንቀላፋለች።

ክሯ አለቀ። ልሂድና ልግዛልሽ አልኳት። "ተዪው፣ እኔው ነገ እገዛለሁ" አለች። እሷ እቴ፣ ዳቦ ትልከኛለች፣ መድኃኒት ትልከኛለች፣ በዝናብ ሳሙና ትልከኛለች። ክር ግን ራሷ ነች የምትገዛው።

ማክሰኞ 12

ዛሬ ሳቅኩ። አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ መሆናቸው ነው፣ የትኛው ክፍል ረዘመብዎት ለሚለው ካርዱን ሞልተው ጻፉ፦ "ሸሚዝ ሲተኮስ መጀመሪያ ኮሌታው ነው፣ እሱም ከውስጥ በኩል። ልጅቱ ከእጅጌው ጀመረች። ለዚህ ነው የረዘመባት።" ቃል በቃል መዘገብኩት። እህት አላሉም፣ ልጅቱ ነው ያሉት።

ግን እውነታቸውን ነው። እኔም ከእጅጌ ነው የምጀምረው። ጋሼ ይህን እንኳ አልረሳም።

ግራጫ ሻርፕ የምታደርግ ሴት አለች። ይህን ፊልም ስታይ አራተኛ ጊዜዋ ነው። ሃምሳ አንደኛው ደቂቃ ሲሆን ከአዳራሽ ትወጣለች፣ መስታወቴ ፊት ያለው ኮሪደር ላይ ግድግዳውን ተደግፋ ትቆማለች፣ ስልኩ ጠርቶ ሲያበቃ ትመለሳለች። ዓይናችን ተጋጨ። እኔ ቀድሜ ዓይኔን ሰበርኩ። በአቶ ደቂቃ ገጽ ላይ "አንድ ሰው ወጣ፣ ሰባት ደቂቃ" ብዬ ጻፍኩ። ትኬት ገዝቶ ገብቶ ለመውጣት መምጣት ምን የሚሉት ነገር ነው?

ሐሙስ 14

አቶ ደቂቃ ቁልፉን ኪሱ ከቶ ምሳ ሄደ፣ ረሳኝ። አንድ ሰዓቱ አለፈ፣ ሽያጭ ተዘጋ፣ እኔ እዚያው። መስታወቱን ደበደብኩ፣ በሩን ገፋሁ። ፊልም የሚያጫውቱት አባባ ከላይ ሆነው የት ይስሙኝ። ከዚያ በፊት ደግሞ ስልኩ ጠርቷል። ጆሮዬን በሁለት እጄ ይዤ ግንባሬን መሳቢያው ላይ ደፍቼ ነበር። ጆሮዬን ብይዝም ቆጠርኩ። መቁጠሩን ማቆም አቅቶኛል። ትናንት ቤት ውስጥ የጎረቤት ስልክ ሲጠራ በሆዴ ስቆጥር ራሴን አገኘሁት።

በጋሼ ተናድጃለሁ። እዚህ ካልጻፍኩት የት ልጻፈው። አንድ ቀን ነው የነገርኩት፣ ጩጬ ከሞተ በሁለተኛው ዓመት፣ እሱ ቤት፣ በረንዳው ላይ። ለእሱ ብቻ። ትልቅ ነገር ነገርኩት ማለቴ አይደለም። ስለ አንድ ከሰዓት በኋላ ነው፣ ስለ አንድ ሸሚዝ። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። ያዘነ መስሎኝ ነበር፤ ለካ በሆዱ እየጻፈ ኖሯል።

ለእማዬ ያልኳት ሌላ ነው። ክር ልገዛ ወጥቼ ነበር ነው ያልኳት። እሷ ያን ቀን ጎረቤት ሄዳ ነበር፣ እኔ ደግሞ ክር ልገዛ ወጥቼ ነበር፤ ስለዚህ ቤት ውስጥ ሰው አልነበረም፣ ስልኩን የሚያነሳ አልነበረም። እንዲህ ነው የተባለው። ለሰውም ሁሉ እንዲህ ነው የተባለው።

ጩጬ በየቀኑ ነበር የሚደውል። ከእማዬ ጋር ተጣልቶ ቤት ተከራይቶ ከወጣ ጀምሮ በየቀኑ፣ በዚያው በቤት ስልክ። ከደወለ ደግሞ አንድ ሰዓት ነው፣ ቀልዱ አያልቅም። ሰው ሥራ ሲይዝ፣ በማግሥቱ የሚለብሰው ሸሚዝ ሲኖረው፣ "ቆይ በኋላ መልሼ እደውላለሁ" ይላል። ማንም ይላል። አስም እንዳለበት ማን ረሳ? ግን ሰው አስም ስላለበት በየጥሪው ይሮጣል እንዴ? አከራዩ ናት በማግሥቱ ያገኘችው። ስልኩ እጁ ላይ ነበር አለች፣ ባትለው ምን ነበረበት።

ስለ ፊልሙ ነው የምጽፈው።

ቅዳሜ 16

ሁለተኛውን ሳምንት አስረከብኩ። አቶ ደቂቃ ወረቀቱን በቀይ እስክሪብቶ እያሰመረ አነበበ፣ ከዚያ ሰዓቱን አየ፣ ከዚያ እኔን።

"ነገሩ ግልጽ ነው። ስድሳ ስምንት ሰው የካውያው ረዘመ አለ። 'ማንን አልረሱም' ላይ እናት፣ ወንድም፣ የሞተው ልጅ፣ ድመቷ ሳትቀር አለች። እህትየዋን የጠቀሰ አንድ ሰው የለም። ማንም የማያስታውሳት ሴት ሰባት ደቂቃ ትተኩሳለች። ይውጣ። ሰባት ደቂቃ ነው የፈለግኩት፣ ይኸው ሰባት ደቂቃ።"

"አዎ" አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ። እፎይ ማለት ነበረብኝ። አመዴ ቡን ብሎ ወጣሁ።

እሑድ 17

ጋሼ እቤት መጣ። እማዬ እንቅልፍ ወስዷት ነበር፣ ወይም በሯን ዘግታለች። ወጥ ቤት ቁጭ አልን። ዝርዝሩን ይዞ መጥቷል፣ ተጣጥፎ ጠርዙ ተልጧል።

"አንድ ሰው እንኳ ስለ እህትየዋ አልጻፈም?"

"አልጻፈም።"

"በጥላቻም ቢሆን? ስድብም ቢሆን?"

"አንድም አልኩህ እኮ ጋሼ።"

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስተካክሎ አስቀመጠው፣ እንደገና አነሳው። "እኔ እንግዲህ ለአንቺ ብዬ ነበር።"

"ማን ለመነህ?"

"ማንም አለመነኝም። ሰው አሥራ አራቱን ጥሪ ቁጭ ብሎ ቢሰማ ይገባዋል ብዬ ነው። ይፈርድብሻል ብዬ አይደለም። አብሮሽ ይጨነቃል ብዬ ነው። ሦስት መቶ ሰው አብሮሽ ቢጨነቅ ይቀልሻል ብዬ።" ሳቅ ብጤ ሞከረው፣ አልሆነለትም። "ለካ አላዩሽም። መጥፎ አድርጌ ሠርቼዋለሁ ማለት ነው። ቃሌ ቃል ነው፣ እቆርጠዋለሁ።"

እዚያች ቅጽበት ላይ መናገር እችል ነበር። መሳቢያው ሞልቶ አልዘጋ እንዳለኝ፣ በጉልበቴ እንደምገፋው። ምላሴ ላይ ነበር። ሻይ ልቅዳልህ አልኩት።

ረቡዕ 20

የተቆረጠው ፊልም መጣ። አባባ ሲጭኑት አጉረመረሙ። "ካውያውን እጅጌው ላይ ታሳርፋለች፣ ከዚያ ነጋ። ሌሊቱን ማን በላው?" አሉኝ። እኔ አላውቅም አልኳቸው።

ሃምሳ ሁለተኛው ደቂቃ መጣ፣ ሄደ። ዝም። ግራጫ ሻርፕ ያደረገችው ሴት እንደ ልማዷ ወጥታ ኮሪደሩ ላይ ቆመች። ጠበቀች። አዳራሹ ውስጥ ሰዎቹ ቁርስ ስለ መብላት ሲያወሩ ይሰማል። ወደ በሩ አየች፣ ወደኔ አየች፣ ቦርሳዋን አነሳችና ወደ ውጭ ሄደች። ፊልሙ አላለቀም ነበር።

ሐሙስ 21

አንድም ሰው ተነሥቶ አልወጣም። አቶ ደቂቃ ደስ ብሎታል። ካርዶቹ አጫጭር ሆኑ። "ጥሩ ነው።" "ደህና ነው።" "እናትየዋ ጎበዝ።" መሳቢያ የሚገባ የለም። ነፃ ወጣሁ ማለት ነው።

ትናንት ሦስቴ፣ ዛሬ ሦስቴ፣ ሰዓቱ ሲደርስ በራሴ ቆጠርኩ። አሥራ አራት።

ቅዳሜ 23

"እማዬ፣ ነገ እንሂድ" አልኳት። "ፊልሙን እናያለን።"

መርፌዋን ትራሱ ላይ ሰካች። ለረጅም ጊዜ አየችኝ። "ቆረጥሽ?"

ልቤ ድው አለ። ለካ ትኬት ማለቷ ነው።

እሑድ 24

ይህን ዛሬውኑ መጻፍ አለብኝ። ፊደሉ ቢበላሽ ይበላሽ።

የዘጠኝ ሰዓቱን ገባን። ከኋላ ሁለተኛው ረድፍ፣ ጠርዝ ላይ፣ ለጉልበቷ እንዲመች። ጥሩ ቀሚሷን ለብሳ ነበር። መብራት ሲጠፋ እጄን ያዘችኝ። እማዬ እጅ የምትይዝ ሰው አይደለችም፣ መንገድ ስንሻገር እንኳ ክርኔን ነው የምትይዘኝ። እናትየዋ አራተኛውን ሰሃን ስትመልስ ትንፋሿን ሳብ አደረገች፣ ሌላ ምንም።

እህትየዋ ካውያ አንሥታ እጅጌው ላይ ስታሳርፍ የእማዬ እጅ እጄን አጠበቀ። አጥብቃ ያዘችኝ፣ ቀለበቷ ቆረጠኝ። ከዚያ በፊልሙ ውስጥ ነጋ። እጇ እንደያዘኝ ቆየ፣ የምትጠብቀው ነገር ያለ ይመስል። ቆይቶ ላላ። ሊያልቅ ሲል ጨርሳ ለቀቀችኝ።

መብራት በራ። ሰው ወጣ። እሷ አልተነሳችም።

"አልቋል እማዬ።"

"ስልኩስ?"

"የምን ስልክ?"

"ቤቱ የኛ ቤት ነው። ሰሃኑ የኛ ነው። ካውያውም፣ ሸሚዙም የኛ ነው፤ ከእጅጌው የምትጀምረውም አንቺ ነሽ። ስልኩ ግን አልጠራም።" ድምፅዋ ተራ ነበር፣ ጨው የት አደረግሽው እንደማለት። "ያን ቀን ጠርቷል። አሥራ አራት ጊዜ። ቆጥሬያለሁ።"

ክው አልኩ። "እማዬ፣ አንቺ እኮ ጎረቤት ነበርሽ።"

"ራሴን አሞኝ ተመለስኩ። በጓሮ በር ገብቼ ጋደም አልኩ። ካውያሽ እርጥቡ ላይ ሲንሿሿ ይሰማኛል። ሲጠራ እሱ እንደሆነ አውቄያለሁ፣ በዚያ ሰዓት ከሱ ሌላ ማን ይደውላል። 'እሷ ታነሳዋለች' አልኩ። ሳታነሺው ሲቀር ደግሞ 'ይጥራ' አልኩ። ተኮራርፈን አልነበር? ይጥራ፣ ትንሽ ይቅመሳት አልኩ። በልጄ ላይ ኮራሁበት።"

አዳራሹን የምትጠርገው ሴት ከፊት ረድፍ ጀምራ ወንበር ታጥፋለች፣ ጠሽ ጠሽ ይላል። ወደኛ እየመጣች ነበር።

"ስትዪ ሰማሁሽ" አለች እማዬ። "ለሰው ሁሉ ክር ልገዛ ወጥቼ ነበር ስትዪ። እኔ ቤት ነበርኩ ብል አንቺን ማጋለጤ ነው። ዝም ብል ደግሞ ራሴን መደበቄ ነው። ዝም አልኩ። አምስት ዓመት ሙሉ ክሩን የት አደረግሽው ብዬ ጠይቄሽ አላውቅም።"

"እማዬ…"

"ቆይ ልጨርስ፣ ከቆምኩ አልጀምረውም። ወንድምሽ ፊልም ሠራሁ ሲል፣ ስለኛ ነው ሲል፣ ስልኩን ያስገባዋል ብዬ አሰብኩ። ልጅ ነው እንጂ ሞኝ አይደለም፣ አንድ ነገር ያውቃል። እዚህ ጨለማ ውስጥ አብረን ብንሰማው፣ ጎን ለጎን፣ ከዚያ ማናችንም መጀመሪያ መናገር አይኖርብንም ነበር። ይኼው ነበር የፈለግኩት። ደግሞ አልጠራም።"

እኔ ነኝ ያስቆረጥኩት አልኳት። ሁሉንም ነገርኳት። ካርዱን፣ መሳቢያውን፣ ጋሼን ዓይኑን እያየሁ እንደዋሸሁት። ጠራጊዋ ደርሳ አጠገባችን ቆመች፣ እማዬ "አንድ ደቂቃ ልጄ" አለቻት፣ እሷም መጥረጊያዋን ይዛ ወደ ሌላኛው ጥግ ሄደች። እማዬ አላቀፈችኝም። መሐረቧን አወጣች፣ ፊቴን ጠረገች፣ በዚያው የራሷን ጠረገች።

"አንሥቼው ቢሆን?" አልኳት። አምስት ዓመት ሙሉ ያላልኩት ቃል ነው።

"አንሥቼው ቢሆን" አለች እሷም።

በሩ ጋ ስንደርስ ካርድ ጠየቀችኝ። "ሰው ሁሉ ይሞላ የለ" አለች። መስኮቱ ጠርዝ ላይ ተደግፋ ጻፈች፣ እንዳላይ በእጇ ከልላ፣ ሳጥን ውስጥ ከተተች። ከዚያ ክርኔን ይዛኝ ወጣን። እኔም አሁን መጻፌን አቁሜ አጠገቧ ልቀመጥ።

ሰኞ 25

በጠዋት ገባሁ። መሳቢያውን ለመክፈት ሁለት እጅ አስፈለገኝ። ሰማንያ ሦስት ካርድ። በርጩማዬ ላይ ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ እስከ መጨረሻው አነበብኩ።

አሥራ ዘጠኙ ክፉ ነው። ይሁን፣ ይገባኛል። የቀሩትን ግን ምን ስሆን ነው ያላነበብኳቸው? "እህትየዋን አልረሳም። ማናችንም እናደርገው ነበር።" "ገብቼ ካውያውን ከእጇ ልቀበላት ፈለግኩ።" "እህትየዋን ማን ነው የሚያጽናናት? እናትየዋን ሁሉም ያቅፋል።" አንዱ በደቃቅ ጽሕፈት፣ "እህትየዋ እኔ ነኝ። የኔ በር ነበር የተንኳኳው።" የማን እንደሆነ ማወቅ አልችልም፣ ግን ግራጫ ሻርፕ ነው የታየኝ፤ ደግማ ብትመጣ ከዚች ክፍሌ ወጥቼ አጠገቧ እቆም ነበር።

የመጀመሪያው፣ ያ የማይነበበው፣ "እንደሷ ያለች እህት ከምትኖረኝ" የሚለው፣ ለካ ጀርባው ላይ ይቀጥላል። ገልብጬው አላውቅም ነበር። "…እያልኩ ነበር እስከ ግማሹ። ሲያልቅ አፈርኩ። እኔም ያላነሳሁት አለ።"

ሰማንያ ሦስቱንም አቶ ደቂቃ ጠረጴዛ ላይ ደረደርኩ።

"ይህ ደግሞ ከየት መጣ?"

"ከመሳቢያዬ። እኔ ነኝ የደበቅኳቸው።"

ሦስት አራቱን አነበበ። አንዱን ሁለት ጊዜ። ሰዓቱን ሊያይ እጁን አነሳና ሳያይ መለሰው። "ከዛሬ ጀምሮ ካርድ አትነኪም" አለ። ከዚያ ቆየት ብሎ፣ "የመጨረሻውን ዝርዝር ግን ጨርሺ። ሙሉውን። የካውያው ከተመለሰ እኔስ ሰባት ደቂቃ ከየት ላምጣ?"

ጋሼ ጋ ደወልኩ። ገና አንዴ ሲጠራ አነሳው። "መልሰው" አልኩት። "ምኑን?" አለ። "ስልኩን። ሰው ጽፏል ጋሼ፣ ብዙ ሰው ጽፏል፣ እኔ ነኝ የዋሸሁህ። እማዬም ሰምታ ነበር።" ስልኩን አልዘጋውም፣ እኔም አልዘጋሁትም።

አሁን ዝርዝሩን እየጻፍኩ ነው። ሰማንያ ሦስቱን ከመጀመሬ በፊት የትናንቱን ሳጥን ከፈትኩ። የእማዬን ካርድ በትልልቅ ፊደሏ አወቅኩት። ቁጥር አንድ አድርጌ፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ፣ እንዲህ መዘገብኩት፦

ፊልሙን ወደዱት? ልጄ ስለሆነ የሠራው፣ አዎ።

ከሰዎቹ ማንን አልረሱም? ልጄን። ልጄንም። ልጄንም።

የትኛው ክፍል ረዘመብዎት? አምስቱ ዓመት።